የሞት መጠን ተመራማሪ ለመሆን ፒኤችዲው ይቆይሽ

ጥያቄው፦ «ዘንድሮ በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። በሥነ ሕዝብ፣ በተለይም በሕዝብ ጤናና በሞት መጠን ላይ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ዕድሜሽን ሰው ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው?› ይሉኛል። አንድ መምህሬ ደግሞ ሕክምና ያልተማረ ሰው ስለ ሞት መመራመር አይችልም አለኝ። እኔ ያሰብኩት በቀጥታ ፒኤችዲ ለመጀመር ነው፤ ዳታው እንደሆነ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ። አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የአንድ አገር አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 60 ነው ከተባለ ሰዉ 60 ላይ ይሞታል ማለት ነው። ይህ ከታወቀ ምን የሚመረመር ነገር ቀረ? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል። አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 60 ነው ማለት ሰው 60 ላይ ይሞታል ማለት አይደለም። 100 ሕፃናት ተወለዱ እንበል። 20ዎቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ በአማካይ ግማሽ ዓመት ኖሩ። የቀሩት 80ዎቹ እስከ 70 ዓመታቸው ቆዩ። ሁሉም የኖሩትን ዓመት ደምረሽ ለ100 ስታካፍዪ 56 ገደማ ይመጣል። ግን 56 ዓመቱ ላይ የሞተ አንድም ሰው የለም። ቁጥሩን ሰምተሽ «እዚያ አገር ሽማግሌ የለም» ካልሽ ተሳስተሻል፤ ችግሩ ያለው ሕፃናቱ ጋ ነው። መድኃኒቱም፣ ባለሙያውም፣ ገንዘቡም መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። አንድ አማካይ ቁጥር የደበቀውን እንዲህ ያለ ነገር ማውጣት ነው የእኛ ሥራ።

ይህ ቁጥር ትንቢትም አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ በየዕድሜው የታየው የሞት መጠን ምንም ሳይለወጥ ቢቀጥል፣ ዛሬ የተወለደ ልጅ በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል የሚል ስሌት ነው። በ1918 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሲመጣ የአሜሪካ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ51 ገደማ ወደ 39 ወረደ። በዓመቱ ደግሞ ወደ 55 ገደማ ወጣ። የሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት 12 ዓመት አጥሮ በሚቀጥለው 16 ዓመት አልረዘመም። ወረርሽኙ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶችን በብዛት ስለገደለ የዚያ ዓመት ስሌት እንዳለ ተናጋ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ስሌቱም ተመለሰ። በ1918 የተወለዱት ልጆች በእውነት በአማካይ የኖሩት ከ39 ዓመት በእጅጉ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የሚጽፈው ዜናም ሆነ የሚያወጣው ፖሊሲ ሰውን ያሳስታል።

ቤተሰቦችሽ «ሰው መቁጠር» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። በ1662 ጆን ግራንት የሚባል የለንደን ነጋዴ ያሳተመው ሥራ የዚህ ሙያ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ለንደን ውስጥ በየሳምንቱ የሟቾች ዝርዝር ይወጣ ነበር። ሰዉ የሚያየው ወረርሽኝ ገባ ወይስ አልገባም ብሎ ነው። ግራንት የብዙ ዓመቱን ዝርዝር ሰብስቦ አስተያየው። ወንድ ሕፃን ከሴት ትንሽ በዝቶ እንደሚወለድ አየ። ከ100 ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ገመተ። ወረቀቱ ማንም የሚያገኘው ወረቀት ነበር፤ ጥያቄው ግን የራሱ ነው።

ከመቁጠር በኋላ የሚመጣው ዋናው ነገር «ከስንት ሰው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም በዪ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጃፓን ውስጥ በዓመት ከ1000 ሰው ከ11 በላይ ይሞታል። ኳታር ውስጥ ከ2 ያነሰ። ታዲያ ጃፓን ለጤና አደገኛ ናት? በፍጹም። አማካይ የዕድሜ ጣሪያዋ 84 አካባቢ ሆኖ ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ አንዷ ናት። ጃፓን አረጋውያን በዝተውባታል፤ ኳታር ደግሞ ለሥራ በመጡ ወጣት ወንዶች የተሞላች ናት። ሽማግሌ ያለበት ቤት ሞት ይበዛል። በየዕድሜው ለይተሽ ካላነጻጸርሽ ያነጻጸርሽው የሰዉን ዕድሜ ነው፤ ጤናውን አይደለም።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይምሰልሽ። በ2015 አን ኬዝና አንገስ ዲተን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የታወቀ ጥናት አሳተሙ። ዲተን በዚያው ዓመት በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘ ሰው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ45 እስከ 54 ዓመት ባሉ ነጭ አሜሪካውያን ላይ የሞት መጠን መጨመሩን አሳዩ። ምክንያቶቹ መድኃኒትና ዕፅ ከመጠን በላይ መውሰድ፣ አልኮልና ራስን ማጥፋት ነበሩ። ጥናቱ ብዙ አወያየ። ብዙም ሳይቆይ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አንድ ነገር አነሱ። በእነዚያ ዓመታት እዚያው የ10 ዓመት ቡድን ውስጥ ያለው ሰው አማካይ ዕድሜው ከፍ ብሎ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዙ ሕዝብ ወደ 54 እየተጠጋ ስለነበር። ይህ ሲስተካከል ጭማሪው መጀመሪያ ከታየው አነሰ። ዋናው ግኝት ግን አልፈረሰም። በሌሎች ሀብታም አገሮች የዚያ ዕድሜ ሞት እየቀነሰ ሳለ እነሱ ጋ አልቀነሰም። ከዚህ የምትወስጂው ነገር አለ፦ የ10 ዓመት የዕድሜ ቡድን እንኳ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ዳታው ከፈቀደልሽ ሁልጊዜ በነጠላ ዕድሜ ሥሪ።

መምህርሽ ወዳለው ልለፍ። ሕክምና መማር ግዴታ አይደለም። በዚህ ሙያ ትልቅ አሻራ ከተዉት ብዙዎቹ የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስ ወይም የሶሲዮሎጂ ሰዎች ናቸው። የሞት ምስክር ወረቀት ማንበብ ግን የግድ ነው፤ እዚህ ላይ መምህርሽ ትንሽ እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቅጽ ላይ ሐኪሙ ምክንያቶቹን ከላይ ወደ ታች በሰንሰለት ይጽፋል። የመጀመሪያው መስመር «የደም መመረዝ» ይላል። ሁለተኛው «የተመረዘ ቁስል»። ሦስተኛው «በመኪና አደጋ የተሰበረ እግር»። ለስታቲስቲክስ የሚቆጠረው የታችኛው ነው፤ ነገሩን ሁሉ ያስጀመረው የመኪና አደጋው ስለሆነ። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይዘሽ ብትቆጥሪ አገሩ የመንገድ ችግር ሳይሆን የኢንፌክሽን ችግር ያለበት ይመስላል።

ብዙ ወረቀት ላይ ደግሞ «ልብ ቆመ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ታገኛለሽ። ልብ ሳይቆም የሞተ ሰው የለም፤ ስለዚህ ይህ ምንም አይነግርሽም። እንዲህ ያሉ ጥቅም የለሽ መግለጫዎች በበዙበት መዝገብ ላይ የልብ በሽታ ጨመረ ወይም ቀነሰ ብሎ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው። የበሽታዎች ዓለም አቀፍ የኮድ መጽሐፍ በየጊዜው ይቀየራል፤ 11ኛው እትም ሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። አንድ አገር ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ሲሻገር የአንዳንድ በሽታ መስመር ድንገት ይዘላል ወይም ይወርዳል። ሰዉ ላይ የተለወጠ ነገር ግን የለም። በሰንጠረዡ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ባየሽ ቁጥር መጀመሪያ «በዚያ ዓመት ቅጹ ተቀይሯል?» ብለሽ ጠይቂ።

«ዳታው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ» ባልሽው አልስማማም፤ ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። እርግጥ ነው፣ ድንቅ የሆኑ ነጻ ምንጮች አሉ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲና በጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የሥነ ሕዝብ ምርምር ተቋም የተጀመረው የሰው ልጅ የሞት መረጃ ቋት ወደ 40 የሚጠጉ አገሮችን ሞት በዓመትና በዕድሜ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ስዊድንን ከ1751 ጀምሮ ታገኛለሽ። ግን ቋቱ ውስጥ የሚገባው ሞትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚመዘግብ አገር ብቻ ነው። አብዛኛው የዓለም ድሃ ሕዝብ እዚያ የለም። ሰው በብዛት በለጋ ዕድሜው የሚሞትበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሞት የማይመዘገብበት ቦታ ነው። ይህን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ብልሃት የሚታየውም እዚያ ነው። ዊልያም ብራስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠርቷል። የሞት መዝገብ አልነበረም። እሱ ግን ለእናቶች የሚቀርቡ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች በቂ መሆናቸውን አየ፦ ስንት ልጅ ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አለ? የ20 ዓመት እናት ልጆች በአማካይ ትንንሽ ናቸው፤ የ35 ዓመት እናት ልጆች ረዘም ላለ ጊዜ ለሞት ተጋልጠዋል። በየእናቶቹ ዕድሜ የሞቱትን ልጆች ድርሻ ወስዶ፣ ልጆች እስከ 1፣ እስከ 2፣ እስከ 5 ዓመታቸው የመሞት ዕድላቸው ስንት እንደሆነ የሚያሰላበት መንገድ አበጀ። በኋላ ዘዴው በዓለም ዙሪያ የሕዝብ ቆጠራ መጠይቅ ውስጥ ገባ።

ግን የዘዴውን ወሰን እዪው። ጥያቄውን የምትመልሰው በሕይወት ያለች እናት ብቻ ናት። የሞተች እናት አትጠየቅም። ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን እናትየዋ ስትሞት ልጇም የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ይበልጥ የተጎዱት ልጆች ናቸው ከቆጠራው የወጡት፤ ግምቱም ከእውነቱ በታች ይሆናል። ዘዴው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የቆመበት መነሻ ሐሳብ፣ ማለትም የእናትና የልጅ ሞት አይገናኝም የሚለው፣ በዚያ ዘመን ስለፈረሰ ነው። እያንዳንዱ ዘዴ እንዲህ ያለ መነሻ ሐሳብ ሥሩ አለው። ሶፍትዌር ስሌቱን በሰከንድ ይሠራልሻል፤ መነሻው መፍረሱን ግን አይነግርሽም።

ዕድሜ ራሱ አይታመንም። የልደት ምዝገባ በሌለበት ቦታ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ 40፣ 45፣ 50፣ 60 ይላል። ግራፉን ስትሠሪ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ቀጥ ያሉ ማማዎች ይቆማሉ፤ በመሃላቸው ሸለቆ ነው። ይህን የሚለካ የዊፕል መለኪያ የሚባል አለ። 100 ከሆነ ምንም ማጠጋጋት የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው የተናገረው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ነው። በጣም ያረጁ ሰዎች ጋ ደግሞ ዕድሜን ማጋነን ይመጣል። የ95 ዓመት ሰው «መቶ አልፌያለሁ» ሲል የአረጋውያን ሞት ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ሌላም አለ። ፋይሉ ውስጥ 99 የሚል ዕድሜ በዝቶ ካየሽ አትደነቂ። ብዙ ጊዜ «አይታወቅም» የሚል ኮድ ነው። ይህን ሳያጣራ አማካይ ያወጣ ሰው፣ በዕድሜ ባለጸጎች የተሞላ መንደር አገኘሁ ብሎ ይጽፋል።

የቃል ምርመራ የምንለውም አለ። ሰውየው ቤቱ ሞቷል፤ ሐኪም አላየውም። ጠያቂ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ «ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየበት? ያስለው ነበር?» እያለ ይጠይቃል። ከመልሶቹ ተነስቶ ሐኪም ወይም ኮምፒውተር ሊሆን የሚችለውን ምክንያት ይመድባል። ለአንዳንድ ነገር ጥሩ ነው፤ አደጋን ወይም ከወሊድ ጋር የተያያዘ ሞትን ለመለየት ያግዛል። የውስጥ ካንሰሮችን ከሌላ በሽታ ለመለየት ግን ደካማ ነው። ደግሞ አስታውሺ፣ የምትጠይቂው ልጇን የቀበረች እናት ናት። ሐዘኑ ትኩስ ሳለ መሄድ ነውር ነው። በጣም ስትዘገዪ ደግሞ ትዝታው ይደበዝዛል። ሁለቱን ማመዛዘን አለብሽ። መጠይቁን ይዘሽ ቤት ለቤት ያልሄድሽ እንደሆነ ሰንጠረዥሽ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ምን ተከፍሎበት እንደመጣ አይገባሽም።

በኮቪድ ጊዜ ይህ ሁሉ አደባባይ ወጣ። በ2020 እና በ2021 በይፋ የተመዘገበው የኮቪድ ሞት በዓለም 5.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሁለቱ ዓመታት ከተለመደው በላይ የሞተው 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው ብሎ ገመተ። እንዴት? ወረርሽኙ ባይመጣ ስንት ሰው ይሞት ነበር የሚለው ይሰላል፤ ከታየው ሞት ላይ ይቀነሳል። ልዩነቱ በሆስፒታል ተመርምሮ ያልታወቀውንም፣ ሌላ ሕክምና አጥቶ የሞተውንም ይይዛል። ደካማ ጎኑ «ባይመጣ ኖሮ» የሚለው ክፍል ነው። ያንን መስመር በትንሹ ብታዘነብዪው ውጤቱ በብዙ ይለወጣል። የጀርመን ግምት ከታተመ በኋላ በዚሁ ምክንያት ወደ ታች ተከልሷል። ጥሩ መዝገብ ያለው አገር ላይ እንዲህ ከሆነ፣ መዝገብ የሌለው ላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አስቢ።

አሁን የሙያውን ገደብ በግልጽ ልንገርሽ። እኛ የሞት ልዩነት በየትኛው ዕድሜና በየትኛው ምክንያት እንደመጣ ከፋፍለን ማሳየት እንችላለን። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። የሶቪየት ኅብረትን ተመልከቺ። በ1985 የአገሩ መሪ ጎርባቾቭ ጠንካራ የፀረ አልኮል ዘመቻ ጀመረ። የሩሲያ ወንዶች አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ62 ገደማ በ1987 ወደ 65 ተጠጋ። ዘመቻው ላላ፤ አገሩ ፈረሰ፤ በ1994 ቁጥሩ ከ58 በታች ወረደ። አልኮል ዋና ተጠያቂ ነው የሚለውን ሐሳብ ያጠናከረው ይህ መስመር ብቻውን አይደለም። ለውጡ የታየው በሥራ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ነው፤ ከአልኮል ጋር በሚያያዙ ምክንያቶች ላይ ነው፤ ከመጠጡ ጋር ወደ ታችም ወደ ላይም አብሮ ሄዷል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ሰው የሚያምነው። ሁለት መስመሮች አብረው ስለሄዱ ብቻ ምክንያት አገኘሁ የሚል ጽሑፍ አትጻፊ።

ስለ ወደፊቱ መተንበይም ተጠንቀቂ። በ1928 ሉዊ ደብሊን የተባለ የታወቀ አሜሪካዊ ባለሙያ የሰው አማካይ ዕድሜ ከ64.75 ዓመት ማለፍ አይችልም ብሎ አሰላ። በዚያን ጊዜ ማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ያልሆኑ የኒውዚላንድ ሴቶች ያንን ጣሪያ አልፈውት ነበር። በ2002 የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎቹ ጂም ኦፐንና ጄምስ ቮፐል ከ1840 ጀምሮ በየዓመቱ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘውን አገር የሴቶች አማካይ ዕድሜ በአንድ መስመር ሲያስቀምጡ፣ በየ10 ዓመቱ ወደ 2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲጨምር ኖሯል። የተባሉት ጣሪያዎች አንድ በአንድ ታልፈዋል። ይህ ማለት ለዘላለም ይቀጥላል ማለትም አይደለም። በርካታ ሀብታም አገሮች ከ2010 ወዲህ ጭማሪያቸው ቀዝቅዟል። ጣሪያው ይህ ነው ብሎ መደምደምም፣ ጣሪያ የለም ብሎ መደምደምም ዳታው ከሚሸከመው በላይ ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። ይህን የተማረ ሰው የሚሠራበት ቦታ ከዩኒቨርሲቲ ይሰፋል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ጤና ሚኒስቴሮች አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ክፍል፣ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት አሉ። የኢንሹራንስና የጡረታ ተቋማትም የሕይወት ሰንጠረዥ፣ ማለትም ሰው በየዕድሜው የመሞት ዕድሉ ስንት እንደሆነና በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚቀረው የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ፤ በክፍያ ረገድ ብዙ ጊዜ እነሱ ይሻላሉ። በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው ነጻነት አለው፤ ቋሚ ቦታ ለማግኘት ግን ከፒኤችዲ በኋላም በአጫጭር ኮንትራት ዓመታት ሊያልፉበት ይችላል። አንድ ጽሑፍ ተልኮ፣ ተገምግሞ፣ ታርሞ እስኪታተም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ቶሎ ውጤት ማየት ከፈለግሽ ይህ ያንገላታሻል።

ገንዘቡም በአንድ ለጋሽ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ከ1984 ጀምሮ ከ90 በላይ አገሮች የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ያካሄደው ትልቅ ፕሮግራም ዋና ገንዘቡ የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት ነበር። በ2025 ድጋፉ ሲቋረጥ ሥራው ባለበት ቆመ። ስንት ተመራማሪ የጥናቱን ዕቅድ በሚቀጥለው ዙር ዳሰሳ ላይ መሥርቶ እንደነበር አስቢ። የሙያ ሕይወትሽን በአንድ የዳታ ምንጭ ላይ አትጣይው። አንድ መዝገብ ብቻ ከምታውቂ አንድ ጥያቄ ይዘሽ በሦስት ምንጭ መፈተሽ ልመጂ።

ጥያቄ ስል ደግሞ «የሞት መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች በእገሌ አገር» የሚል ርእስ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ርእስ በሺዎች ተጽፏል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያው ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 ያነሳውን ተመልከቺ። ሀብታም አገሮች ረጅም ዕድሜ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። እሱ ግን የጠየቀው ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዕድሜ የጨመረው ሰው ሀብታም ስለሆነ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት የሚል ነው። በአንድ ዓይነት የገቢ ደረጃ ላይ ሰው ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖር አሳየ። ከጭማሪው ከ75 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከአገሩ ገቢ ውጭ በሆነ ነገር የመጣ ነው ብሎ ገመተ። ይህ መልስ ለመንግሥታት ትርጉም ነበረው፤ አገሩ እስኪበለጽግ ሳይጠበቅ ሕይወት ማዳን ይቻላል ማለት ነው። የተጠቀመበት ዳታ ምሥጢር አልነበረም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ እንዳታለሳልሺው። በቀጥታ ፒኤችዲ አትጀምሪ። መጀመሪያ የሥነ ሕዝብ ስሌት ዘዴዎችን በደንብ የሚያስተምር ማስተርስ ግቢ። ስሙ «የሕዝብ ጤና» ሆኖ ውስጡ ስለ ሕይወት ሰንጠረዥ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያለውን ተዪው። የትምህርቱን ዝርዝር ጠይቀሽ እዪ፤ የሕይወት ሰንጠረዥ፣ የሞት ልዩነትን በዕድሜና በምክንያት መከፋፈል፣ ጉድለት ያለበትን ዳታ መገመትና ማረም፣ ኢፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ሊኖሩበት ይገባል። ዳታ የሚተነተንባቸውን የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ አርን (R) ወይም ፓይተንን፣ ከአሁኑ ጀምሪ፤ ስታቲስቲክስ ስለተማርሽ አይከብድሽም።

ማስተርሱን ስትጨርሺ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቁጥሩ በሚወለድበት ቦታ ሥሪ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሊሆን ይችላል፤ የሆስፒታል መዝገብ ክፍል ወይም ነዋሪውን በቋሚነት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ የሚባለው ጣቢያ ከ1966 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደት፣ ሞትና ስደት ይመዘግባል፤ በሌሎች አገሮችም እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች አሉ። ደመወዙ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን ቅጹን የሞላው ሰው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚቸኩል፣ የትኛው ሞት ሳይመዘገብ እንደሚቀር እዚያ ታያለሽ። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ እንደተወለደም፣ እንደሞተም አይመዘገብም። ይህን ከስክሪን ላይ አታገኚውም።

በዚያው ጊዜ አንድ የሕይወት ሰንጠረዥ ከጥሬ መዝገብ ተነስተሽ በእጅሽ ሥሪ። ዝግጁ የሶፍትዌር ፓኬጅ አትጠቀሚ። ሞቱን በየዕድሜው ቁጠሪ፣ ሕዝቡን ከሥሩ አስቀምጪ፣ ሕፃናቱን ለብቻቸው ያዢ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሞት ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ያደላልና በዓመቱ እኩሌታ ላይ እንደሞቱ አድርገሽ አትውሰጂ። ላይ ላዩን ለማሳየት ስል ቅድም ግማሽ ዓመት ያልኩት ለምሳሌ ብቻ ነው። ከዚያ የሠራሽውን ከታተመ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዪ። የማይገጥምበትን ምክንያት ፈልጊ። ይህ ሥራ ከሰለቸሽ ሙያው አይሆንሽም፤ ብዙው ቀን እንደዚህ ነው። ልዩነቱን ፈልገሽ ሳታገኚ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ደግሞ ፒኤችዲው አያስፈራሽም።

ያን ጊዜ ስታመለክቺ ሙሉ ድጋፍ የሌለው ቦታ አትቀበዪ። ፒኤችዲ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ በብድር የሚገባበት አይደለም። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከማየትሽ በፊት አማካሪሽን እዪ። ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ዳታው አሁን በእጃቸው አለ ወይስ ፈቃድ እየተጠበቀ ነው? በእጃቸው ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ የሞት መዝገብ ፈቃድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ሊከለከልም ይችላል። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የት ደረሱ? መልሱን ከአማካሪው ብቻ አትስሚ። ተማሪዎቹን ራሳቸውን ፈልገሽ አነጋግሪ።